ለፋኖሱ ሰውዬ ያዋስኩት አፍንጫ

ጥጥ መፍተል የማይችል ሰው ቀጨኔ መወለድ የለበትም። እኔ ግን ተወለድኩ። የእናቴ ክር ከጣቷ እንደ ማር ነው የሚወርደው። የእኔ አንዴ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ አንዴ እንደ ፀጉር ይቀጥናል፣ ከዚያ መሃል ላይ ይበጠስና እንዝርቱ እግሬ ሥር ይንከባለላል። አንድ ሸማኔ የፈተልኩትን ልቃቂት አገላብጦ አይቶ፣ “ይህን የፈተለችው እያስነጠሳት ነው?” ብሎ ጠይቋል። የጠየቀው ደግሞ እናቴን ነው።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ ስወድቅ ግን ሌላ የምገባበት አልነበረኝም። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያመጣሁት ውጤት በሒሳብ ያመጣሁትን ጉድ ሊሸፍንልኝ አልቻለም። እናቴ እጄን ይዛ ሽሮ ሜዳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለው የፈታዮች ህብረት ሥራ ማህበር አዳራሽ ወሰደችኝና ከሴቶቹ መሃል አስቀመጠችኝ። እኔ እንግዲህ ያኔ ምን እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ ቁጭ ማለት የማልወድ፣ የመጣልኝን የምናገር፣ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ተምሳሌትን ከምፀት ለይቼ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ የምኮራ። ኩራቴን ለማንም አልደበቅኩም።

የሴቶቹ አለቃ እትዬ ዘነበች ነበሩ። አለቃ ያደረጋቸው የለም፣ አፋቸው ነው ያደረጋቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ክሬን አይተው፣ “ልጄ፣ የመንግሥትን ጥጥ ከምታሰቃዪው አንድ ነገር እንዋዋል” አሉኝ። ውሉ ይህ ነበር፦ እኔ መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ፣ እነሱ ባዘቶዬን ተከፋፍለው ይፈትሉልኛል። በሕይወቴ ከተዋዋልኩት ሁሉ የሚሻለው ውል ነው።

በእጄ ያሉትን ልብ ወለዶች ስጨርስ ጓደኛዬ ሩቂያ ደረሰችልኝ። ሩቂያ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የተማረች ናት፤ አባቷ ጋሽ ሙዘይን አዲሱ ገበያ ሱቅ አላቸው። ለበርበሬና ለስኳር መጠቅለያ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ይገዛሉ። ከዚያ ክምር ውስጥ ሩቂያ አንድ ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አውጥታ አመጣችልኝ። ርዕሱም ደራሲውም ከሽፋኑ ጋር ሄደዋል፣ ዳርና ዳሩ በርበሬ ለብሷል። ሳነበው ያስነጥሰኝ ነበር።

ታሪኩ መጋረጃ ስለተከለከለባት ከተማ ነው። በዚያች ከተማ ማንም መስኮቱን መሸፈን አይችልም። ሲመሽ አንድ ፋኖስ የያዘ ሰውዬ በየመንገዱ እየዞረ በየመስኮቱ ያያል፣ ምን እንደሚበላ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ፣ ማን እንደሚያለቅስ። ዋናዋ ሰው ቀድሞ መጋረጃ ትሰፋ የነበረች ልብስ ሰፊ ናት። አሁን ሥራ የላትም፣ ግን በድብቅ ቁራጭ በቁራጭ ትሰፋለች። እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነባለሁ፣ እንዝርቱ ይሾራል።

ችግሩ የመጣው ከፋኖሱ ሰውዬ ነው። ደራሲው ለሰውዬው ስም አልሰጠውም፣ መልክም አልሰጠውም። ፋኖሱ ብቻ ነው የሚታየው። ሴቶቹ ይህን ሊቀበሉ አልቻሉም። የማን ልጅ ነው፣ አገሩ የት ነው፣ ሚስት አለችው ወይ እያሉ አላስነብብ አሉኝ። እኔም ተነስቼ፣ ደራሲው ሆን ብሎ ነው መልኩን የሸሸገው፣ ይህ ተምሳሌት ይባላል፣ መልክ ስለሌለው ነው የሚያስፈራው ብዬ አስተማርኳቸው።

እትዬ ዘነበች እንዝርታቸውን አቆሙ። “እኔ መልክ የሌለው ሰው ፈርቼ አላውቅም” አሉ። “የምፈራውን ስጪኝ።”

ሰጠኋቸው። ሲተነፍስ አፍንጫው ቀጠን አድርጎ ያፏጫል አልኳቸው። ቆብ ያደርጋል፣ እስከ ቅንድቡ ድረስ ይስበዋል። ሰው ሲያናግረው ደግሞ መልስ ሳይሰጥ የእጅ ሰዓቱን ይሞላል፣ ክርክር፣ ክርክር። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያን አፍንጫ የቀበሌው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሊቀመንበራችን የጓድ በላቸው ነው። እኔ ስማቸውን አልጠራሁም፣ መጥራትም አላስፈለገኝም። የሞኝነቴ ሞኝነት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳቁን መውደዴ ነው። በየምዕራፉ ሰውዬውን ከመጽሐፉ በላይ አስገባው ጀመር። ደራሲው አንድ ጊዜ በመስኮት ሲያሳልፈው እኔ ሦስቴ አስፏጨዋለሁ።

ጊዜው የደርግ መሆኑን አትርሱ። ቀይ ሽብር ሲሆን ልጅ ነበርኩ። እሱ አልፎ ሰው ድምፁን መልሶ ማውጣት ቢጀምርም፣ ከጎረቤታችን ሁለት ወንድማማቾች እንደ ወጡ መቅረታቸውን የረሳ አልነበረም። ቀበሌ ጠርቶህ ለጥያቄ ስትሄድ ጋቢ ይዘህ ነው የምትሄደው፤ አዳርህን አታውቀውማ።

አንድ ሐሙስ ታሪኩ ከባድ ቦታ ደረሰ። የፋኖሱ ሰውዬ ልብስ ሰፊዋን ቁራጭ መጋረጃ ይዛ አገኛት። ይህ ግማሽ ነው፣ ሌላው ግማሽ ማን ቤት ነው አላት። እሷም ራሷን ለማዳን እጇን አንስታ የጎረቤቷን በር አሳየች። እዚህ ላይ እኔ መጽሐፉን አጠፍኩና ተቆጣሁ። እንዲህ ያለች ፈሪ ዋና ገፀ ባሕርይ መሆን አይገባትም፣ እኔ ብሆን ምላሴን ነክሼ እቆርጠው ነበር አልኩ።

“የአንቺ ምላስ ቶሎ አይቆረጥም” አሉ እትዬ ዘነበች። “ረጅም ነው።”

ሴቶቹ ስቀው ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተና ጓድ በላቸው ገቡ። ለካ የማህበሩን ሥራ ሊጎበኙ ነው። ቆባቸው ቅንድባቸው ላይ ነው። እትዬ ዘነበች ተነስተው የጥጡን ጉዳይ ማስረዳት ጀመሩ፣ ጥጡ ፍሬው በደንብ አልወጣም፣ ሰው እየተቸገረ ነው ምናምን። ጓድ በላቸው እጃቸውን ዘረጉና ሰዓታቸውን ይሞሉ ጀመር። ክርክር፣ ክርክር። አፍንጫቸውም ተከተለ።

መጀመሪያ አንዷ በአፍንጫዋ ፍርጥ አለች። ከዚያ ሁለተኛዋ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ አሮጊት የለ ወጣት የለ፣ እንዝርት እየወደቀ፣ ሆድ እየተያዘ። እናቴ ብቻ ነበረች ያልሳቀችው። እሷ እኔን ነበር የምታየኝ።

ጓድ በላቸው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ምን እንዳሳቃቸው ሲጠይቁ አንዲት ከሁሉም የዋህ የሆነች ሴት፣ መጽሐፉ ነው ጓድ፣ ጽጌ የምታነብልን አለች። መጽሐፉን ከጭኔ ላይ አነሱት፣ ገለጡት፣ እንግሊዝኛ ነው። አሸተቱትና አስነጠሳቸው። ማንም አልሳቀም።

“ቅዳሜ ወደ ውይይት ክበብ ይዘሽው ትመጫለሽ” አሉኝ። “ታነቢልናለሽ። እኛም አብረን እንስቃለን።”

የዚያን ዕለት ሲመሽ ሩቂያ ቤታችን መጣች። ወደ ውስጥ አልገባችም፣ አጥሩ ጋ ቆመች። አባቷ ስኳር ደብቀሃል ተብለው ከርቸሌ ገብተው የተፈቱት በቅርቡ ነው። ስኳሩ የሰርግ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ሰፈሩ ማወቁ ግን ምንም አልጠቀማቸውም። ሱቃቸው የተከፈተው በስንት ምልጃ ነው።

“ከየት አገኘሽው ይሉሻል” አለችኝ።

“ይሉኛል።”

“ትነግሪያቸዋለሽ?”

እንዴት እንዲህ ትጠይቂኛለሽ፣ አልሞትም ወይ፣ ምን አድርገሽ ነው የምታውቂኝ እያልኩ ብዙ ቀባጠርኩ። ሩቂያ የምለውን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ፣ “እሺ። ብቻ አባዬ ሁለተኛ ከገባ አይወጣም” ብላ ሄደች። ተኛሁ ብል ውሸት ነው። ጨለማው ውስጥ ዓይኔን አፍጥጬ ልብስ ሰፊዋን አሰብኩ። ጠዋት ፈሪ ያልኳት ሴት እጇን ያነሳችው እንዴት ባለ ፍጥነት ይሆን? ቀኝ እጇን ነው ግራ? እኔ ግራኝ ነኝ።

ዓርብን በዝግጅት አሳለፍኩ። ተስፋዬ በዘይቤ እውቀቴ ላይ ነበር፤ ሌላ እውቀት ስለሌለኝ። መጽሐፉን በዘመኑ ቋንቋ እተረጉመዋለሁ፣ እያንዳንዱ ነገር ምን እንደሚወክል አስረዳለሁ፣ እንኳን ልታሰር እመሰገናለሁ ብዬ ቆረጥኩ። እናቴ ጋቢ አጠፈችልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ፈታዮቹ ነጠላቸውን ተከናንበው በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። ሩቂያ ከወጣቶቹ ጋር ከኋላ ነች። ጓድ በላቸው ከፊት ጠረጴዛው ጋ ናቸው። ተነስቼ ታሪኩን በአጭሩ ተናገርኩና ወደ ጥበቤ ገባሁ። መጋረጃው ጓዶች፣ የግል ሀብት ተምሳሌት ነው አልኩ። አድሃሪው ሕብረተሰብ ከሕዝብ ዓይን የሚሸሸግበት። ጓድ በላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ።

“ጥሩ” አሉ። “መጋረጃውን የሚያስወርደውስ?”

አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው የገባኝ። መጋረጃው የግል ሀብት ከሆነ የፋኖሱ ሰውዬ አብዮቱ ነው። ሴቶቹ ደግሞ በፋኖሱ ሰውዬ ነው የሳቁት። ቶሎ ብዬ ዞርኩ። ይቅርታ ጓድ፣ መጋረጃው የጭቁኖች መብት ነው ለማለት ፈልጌ ነው፣ ሰውዬው የከበርቴው ሥርዓት ነው፣ ጨቋኝ ነው፣ ደም መጣጭ ነው አልኩ።

ጓድ በላቸው ቆባቸውን ወደ ቅንድባቸው ሳቡ። “ታዲያ ይህን ደም መጣጭ ስታነቢላቸው፣ እኔን እያዩ ለምን ሳቁ?”

በዚህ ስወጣ እስር ቤት፣ በዚያ ስወጣ እስር ቤት። ትምህርት ቤት ስማር ተምሳሌት አንድን ነገር በሌላ መወከል ነው ተብዬ ነበር፤ የሚወከለው ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ከሆነ ምን እንደሚደረግ ግን አልተማርንም። የመምህራችን ጥፋት አይደለም፣ ምናልባት እሳቸውም አያውቁም ነበር።

“ጓድ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልተርከውና ራስዎ ይፍረዱ” አልኩ።

ከዚያ ያደረግኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ፣ ደግሞም እኮራለሁ። ታሪኩን ገደልኩት። መጀመሪያ ልብ ሰቀላውን አወጣሁ፤ በየምዕራፉ መጨረሻ የሚሆነውን መጀመሪያ ላይ ተናገርኩ። ንግሩን፣ ማለትም የሚመጣውን ቀድሞ የሚጠቁመውን፣ አወጣሁ። ሰዎቹ ሲነጋገሩ የነበረውን ሁሉ “ተነጋገሩ” በሚል ቃል ጠቀለልኩት። ከዚያ ወደ መስኮቶቹ ገባሁ። ቤቱ መስኮት ነበረው አልኩ። መስኮቱም ከእንጨት የተሠራ ነበር። እንጨቱም ቀለም የተቀባ ነበር። በስተግራ ያለው ቤትም እንዲሁ መስኮት ነበረው። የእሱም መስኮት ከእንጨት የተሠራ ነበር። የፋኖሱ ሰውዬ በመጣ ቁጥር፣ “በዚህ ጊዜ ተቆጣጣሪው መጣና አየ” ብዬ አልፈዋለሁ። አፍንጫ የለውም፣ ሰዓት የለውም፣ ቆብ የለውም። ከደራሲው ይልቅ እኔ መልክ ነሳሁት።

ከፊት የተቀመጠ አንድ ካድሬ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። ከኋላ አንድ ሰው አንኮራፋ። የነቁት ፈታዮቹ ብቻ ነበሩ፤ እነሱ እውነተኛውን ስለሰሙ፣ ወጥ መሬት ላይ የደፋሁ ይመስል አፍጥጠው ያዩኛል። እኔ መስኮት እቆጥራለሁ።

በዚህ መሃል ጓድ በላቸው ሰለቻቸው መሰለኝ። እጃቸውን ዘረጉ። ክርክር፣ ክርክር። በፀጥታው ውስጥ አፍንጫቸው እንደ ዋሽንት ነፋ።

የፈታዮቹ ረድፍ ላይ ንፋስ የነፋ መሰለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አጎንብሰው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ነጠላ ስር ያለ ሰው ይሳቅ ያልቅስ ከውጭ አይለይም። እኔ ግን ለይቼዋለሁ፣ ነፍሴም ወጥታለች። ጓድ በላቸው ሰዓታቸውን ትተው፣ “ምን ሆነዋል?” አሉ።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። “የልብስ ሰፊዋ ነገር ነው ጓድ” አሉ በሚቆራረጥ ድምፅ። “ብቻዋን ሆና። አንጀቴን በላችው።” ከዚያ መልሰው ተከናነቡ።

ጓድ በላቸው ረድፉን ሁሉ ተመለከቱ። ፊታቸው ትንሽ ለዘብ አለ። የጭቁን ሴቶች ስሜት እንዲህ ነው፣ ሐሙስም በዚያው ስሜት የሚያደርጉትን አሳጥቷቸው ይሆናል ብለው ለካድሬው አስረዱት። ካድሬው ነቅቶ ተስማማ። ልቀመጥ ጉልበቴን ማጠፍ ስጀምር፣ “ቆይ” አሉኝ።

“መጽሐፉን ከየት አገኘሽው?”

የምትጠብቁትን አውቃለሁ። ጀግንነት ነው የምትጠብቁት። እኔም ሐሙስ ጠዋት ብትጠይቁኝ ምላሴን ነክሼ ምናምን ብያችሁ ነበር። እውነቱ፣ ግራ እጄ ከጎኔ ተነስቶ ነበር። ወደ ማን እንደሚሄድ እኔ አላዘዝኩትም። በእጄ ላይ ግን መጽሐፉ ነበረና ከሱ ጋር አብሮ ተነሳ፣ የበርበሬውም ሽታ አፍንጫዬ ገባ።

“መጠቅለያ ነበር ጓድ” አልኩ። “ዕቃ የተጠቀለለበት።”

“ከየትኛው ሱቅ?”

ከኋላ ሩቂያ እንዳለች ጀርባዬ ያውቃል። ቀጥሎ ያልኩትን እኔ አላሰብኩትም፤ ካሰብኩት አልለውም ነበር።

“ከቀበሌያችን ህብረት ሱቅ ነው ጓድ። ጨው ስገዛ።”

የህብረት ሱቁ የበላይ ራሳቸው ጓድ በላቸው ናቸው። ጨው በአሮጌ ወረቀት እንደሚጠቀለል ደግሞ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል፣ የእሳቸውም ሚስት ታውቃለች። ካድሬው አሁን በደንብ ነቅቶ ወደ እሳቸው ዞረ። ጓድ በላቸው ሰዓታቸውን ሊሞሉ እጃቸውን ዘረጉ፣ ግን ሞልቶ ስለነበር አልዞረም።

“ውይይቱ በዚህ ይበቃል” አሉ። “መጽሐፉ እዚሁ ይቀመጥ። ልጅቷ ግን ጥሩ የማስረዳት ችሎታ አላት፤ ከእንግዲህ በየሳምንቱ የክበቡን ጽሑፍ እሷ ታነባለች።”

ስንወጣ ሩቂያ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ለሳምንት ሰምበር ሆኖ ቆየ። እትዬ ዘነበች ግን ምስጋና አላሰቡም። ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ በቁጣ ይራመዱ ነበር። “ያን የመሰለ ታሪክ እንዲያ አድርገሽ ከምትገድዪው ብንታሰር ይሻለን ነበር” አሉኝ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የቀበሌው አንባቢ እኔ ሆንኩ። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ በየቅዳሜው ሰው አስተኛሁ። ጋቢ ይዘው የሚመጡ ነበሩ፤ ለእስር ሳይሆን ለእንቅልፍ። ድርቅ አድርጎ በማንበብ ከእኔ ጋር የሚስተካከል ጉለሌ ውስጥ አልነበረም። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ በፈታዮቹ መሃል ተቀምጬ፣ ያንኑ አፍ ተጠቅሜ፣ ቅዳሜ ያነቅኳቸውን የመጽሐፍ ሰዎች መልሼ አስተነፍሳቸው ነበር።

ምን ተለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ያቺን ልብስ ሰፊ ፈሪ ማለት አቆምኩ። እጅ እንዴት እንደሚነሳ አይቻለሁ። የእኔ እጅ ባዶ ስላልነበረ ብቻ ነው የተረፍኩት፤ እናንተም በደህና ቀን ተቀምጣችሁ ገፀ ባሕርይ ከመስደባችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ምን እንዳለ እዩ። ዘይቤንም ቢሆን ከዚያ ወዲህ ለፈተና የሚሸመደድ ነገር አድርጌ አይቼው አላውቅም። ለአንድ ሰውዬ አፍንጫ ስታውስ አፍንጫው ባለቤት አለው።

ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ከቅዳሜው በኋላ ብዙም ሳይቆይ እናቴ ከህብረት ሱቅ ጨው ገዝታ መጣች። ጨውን ወደ ዕቃው ስገለብጥ ወረቀቱ ላይ ዓይኔ አረፈ። እንግሊዝኛ ነው፣ ዳሩ ቀይ ነው። ጓድ በላቸው መጽሐፉን የት አስቀመጡት? እኔ ተገኘ ካልኩበት ቦታ! ውሸቴን እውነት አደረጉልኝ።

በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ አዳራሽ ስገባ እትዬ ዘነበችም ከጉያቸው አንድ አወጡ። ከዚያ ሌላዋ። ሰፈሩ ጨው በገዛ ቁጥር ገጽ ይመጣል፣ እኔም እንደ አመጣጡ አነባለሁ። ልብስ ሰፊዋ ከተያዘች በኋላ ትያዛለች፣ ከመያዟ በፊት ትፈታለች፤ ሴቶቹ ግድ የላቸውም፣ እየፈተሉ ራሳቸው ይቀጥሉታል። ለፋኖሱ ሰውዬ ግን ከእንግዲህ ማንም መልክ አልጠየቀኝም።

የመጨረሻው ገጽ ግን አልመጣም፤ መጽሐፉ ሲወሰድ ደግሞ እኔም እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም ነበር። ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ጠቆመችበት ቤት ተመልሳ በሩ ጋ እንደቆመች፣ ልታንኳኳ እጇን እንዳነሳች ነው የቀረችው። የሆነ ቤት ጨው ተጠቅልሎበት ገብቶ ይሆናል፣ እሳት ተለኩሶበትም ይሆናል። ጉለሌ ውስጥ ያደጋችሁ ከሆናችሁና እናታችሁ አሮጌ ወረቀት የማትጥል ከሆነች እስቲ መሳቢያዋን እዩልኝ። ካገኛችሁት የጎረቤቷ በር ተከፍቶላት እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ። እትዬ ዘነበች አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፣ ግን ባገኙኝ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።